ከምሳ ገበታ የተነሣ ሕክምና

ጆን ቦኒካ የሕክምና ትምህርቱን ወጪ የሸፈነው በትግል መድረክ ላይ ጭምብል አጥልቆ እየተጋጠመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በሚገኘው የማዲጋን ጦር ሆስፒታል የማደንዘዣ ሐኪም ሆኖ ሲመደብ ግን ጉልበት የማይረታው ነገር ገጠመው፤ ቁስላቸው ሽሮ ሕመማቸው አልለቅ ያላቸው ወታደሮች። የነርቭ፣ የአጥንትና የአእምሮ ሐኪሞችን በምሳ ሰዓት ሰብስቦ አስቸጋሪ ሕሙማንን አንድ በአንድ ያማክራቸው ጀመር። ያ ምሳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሕመም ክሊኒክ ሆነ።

እንዲህ ያለው የቡድን ሕክምና ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ምናልባት ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ግምገማ 23 ጥናቶችንና የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸውን 4,206 ሕሙማን ሲመረምር፣ ስለ ራስ ምታት ከተጠኑት መካከል በ57.8 በመቶዎቹ ላይ ሥር የሰደደ የራስ ምታት ተገኝቷል። የሚገርመው ሌላው ውጤት ነው። ከሲቪሎች መካከል ቀላል የአንጎል ጉዳት ከደረሰባቸው 75.3 በመቶው ሥር የሰደደ ሕመም ሲኖርባቸው፣ መካከለኛና ከባድ ጉዳት ከደረሰባቸው መካከል ግን 32.1 በመቶ ብቻ ናቸው። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሕመሙን መናገር ሊሳነው ስለሚችል፣ ቁጥሩን እንዳለ መቀበል ያዳግታል።

በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተመታ አንድ ሰው አለ እንበል። ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ አጥቷል፣ ይረሳል። የነርቭ ሐኪሙ የራስ ምታት መድኃኒት፣ ሌላው ሐኪም የእንቅልፍ ኪኒን ያዙለታል፤ ኪኒኑ ደግሞ ማሰቢያውን የባሰ ያደበዝዘዋል። ማስታገሻውን መውሰዱን ስለሚረሳ ደግሞ ይውጣል። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር አልፎ ሲወሰድ፣ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እያንዳንዱ ሐኪም በየክፍሉ ልክ ነው፤ ሰውየው ግን እየባሰበት ነው።

ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲቀመጡ ነገሩ ይለወጣል። የመድኃኒት ባለሙያው ኪኒኑን ይቆጥራል። ፊዚዮቴራፒስቱ የራስ ምታቱ መነሻ አንገት ሊሆን እንደሚችል ይመረምራል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ቅዠቱንና ፍርሃቱን ይጠይቃል። የንግግር ሕክምና ባለሙያው ትእዛዙን በአጭሩ ጽፎ፣ በስልኩ ላይ ማስታወሻ ደወል ሞልቶ ይሰጠዋል። ሚስቱም እዚያው ናት፤ እሱ የረሳውን የምታውቀው እሷ ናት።

በሲያትሉ ክሊኒክ የሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልበርት ፎርዳይስ፣ ኪኒን ሕመም በተሰማ ቁጥር ሳይሆን ሰዓቱን ጠብቆ እንዲሰጥ አደረገ፤ የሕሙማኑ እንቅስቃሴም ሕመም ባስቆመው ቦታ ሳይሆን አስቀድሞ በተወሰነ ልክ እንዲያበቃ። ፎርዳይስ ሊሰብር የፈለገው ሕመምን ከሽልማት፣ ማለትም ከኪኒንና ከዕረፍት ጋር ያስተሳሰረውን ልማድ ነበር። ለሚረሳ አንጎል ግን ሰዓቱ ራሱ ምርኩዝ ይሆነዋል።

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን በፍንዳታ ተጎድተው ለሚመለሱት እ.ኤ.አ. በ2005 የብዙ ጉዳት ማዕከላትን በሪችመንድ፣ በታምፓ፣ በሚኒያፖሊስና በፓሎ አልቶ ሲያደራጅ የሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከወታደሩ ዓለም ውጭ ግን እንዲህ ያሉ ክሊኒኮች በአሜሪካ ተመናምነዋል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለመርፌና ለቀዶ ሕክምና ይበልጥ በቀላሉ ይከፍላሉ፤ አምስት ባለሙያዎች ስለ አንድ ሰው ለሚነጋገሩበት ሰዓት ግን የሚከፍል ማግኘት ቀላል አይደለም።