ፊቱ የወረደ ፒክአፕ፡ ቦል ጆይንት ብቻ መቀየር ለምን አይበቃም?

ለመስክ ሥራ ወጥቶ የተመለሰ የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ ግቢ ሲቆም ሹፌሩ ለትራንስፖርት ስምሪት ክፍል የሚያቀርበው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ መስመር ነው። «ሁለት የፊት ጎማ ይገዛልን» ይላል። ጥያቄው ይፈረማል፣ ጎማው ይገዛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አዲሱ ጎማ በውስጥ በኩል ብቻ ተበልቶ ሽቦው ብቅ ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ ቦል ጆይንት እንዲቀየር የሚጠይቅ ይሆናል። እሱም ተቀይሮ መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲወጣ የነበረው የመንኳኳት ድምፅ ሳይቆይ ይመለሳል። መሥሪያ ቤቱ ደጋግሞ ከፍሎ የብልሽቱ መነሻ ሳይነካ ቀርቷል ማለት ነው።

በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ የፊቱ ከፍታ ነው። የፊት ጎማዎችን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት የላይኛውና የታችኛው ክንዶች፣ ቦል ጆይንቶቹ፣ የመሪው ቴስቲኒዎችና ሾክ አብዞርበሮቹ ሁሉ የተነደፉት መኪናው ከመሬት በተወሰነ ቁመት ላይ ቆሞ እንዲሠራ ታስቦ ነው። ቁመቱ ሲቀየር የእያንዳንዱ ዕቃ የሥራ ማዕዘን አብሮ ይቀየራል። አዲስ ዕቃ በተዛባ ማዕዘን ላይ ከተገጠመ የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል።

በአገሪቱ መንገዶች ላይ ዛሬም ከሚታዩት የቀድሞ ፒክአፖች ብዙዎቹ የፊት ክብደታቸውን የሚሸከሙት በቶርሽን ባር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ ቶዮታ ሃይሉክሶች፣ የቀድሞው ኒሳን ዲ22 እና የመጀመሪያው ትውልድ አይሱዙ ዲ-ማክስ ከእነዚህ ይገኙበታል። ቶርሽን ባር በሻንሲው ጎን ለጎን ወደ ኋላ የተዘረጋ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። አንዱ ጫፉ ከጎማው ክንድ ጋር ሲያያዝ ሌላው ጫፉ በሻንሲው ላይ በማስተካከያ ቡሎን ይታሰራል። ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ የሚያደርገው ትግልም እንደ ሞላ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በወጡት ሃይሉክሶች ይህ ሥራ ለጥቅል ሞላ ተሰጥቷል። የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ፒክአፕ ደግሞ ከፊት ድፍን አክስል ስላለው እዚህ የሚነገረው ነገር አብዛኛው አይመለከተውም። ለሁሉም የመሥሪያ ቤት መኪኖች አንድ ዓይነት የጥገና ዝርዝር አባዝቶ መበተን ከመነሻው የተሳሳተ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ቶርሽን ባር ለዓመታት ክብደት ተሸክሞ ሲኖር ቀስ በቀስ ይረታል። ከፊት የሚገጠም ከባድ የብረት መከላከያ ሲጨመርበት ደግሞ ይፋጠናል። ሁለቱ ጎኖች እኩል ላይወርዱም ይችላሉ። በአሜሪካ የፒክአፕን ፊት ሆነ ብሎ ዝቅ ማድረግ ለመልክ ሲባል የሚዘወተር የቆየ ልማድ ነው፤ አንዱ መንገድም ይህንኑ የማስተካከያ ቡሎን ማላላት ነው። ሆነ ተብሎም ይውረድ በእርጅና፣ የሚያስከትለው መዘዝ አንድ ነው። የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ጎማውም በውስጥ ጠርዙ ይበላል። የመሪው ዘንጎች ማዕዘን ስለሚዛባ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ መሪው ያለ ሹፌሩ ፈቃድ ወደ ጎን ይስባል። ክንዱ ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ የሚከላከለው የጎማ መቀበያም ቅርብ ስለሚሆን፣ ቶርሽን ባሩ ሊያበርደው ይገባ የነበረው ምት በቀጥታ ወደ ቦል ጆይንቱና ወደ ኩሽኔታው ያልፋል።

ይህን የተረዳ መካኒክ አንዳንድ ጊዜ በተቃራኒው ይሳሳታል። ቡሎኑን ከልክ በላይ አጥብቆ ፊቱን ከመጀመሪያ ቁመቱ በላይ ያነሳዋል። ይህን ያደረገ ሰው ዘንጉን አላጠነከረውም፤ የዘንጉ ጥንካሬ ያው ነው፣ የተቀየረው የክንዱ ማዕዘን ብቻ ነው። መኪናው ጠጥሮ ይነጥራል። የፊት ዲፈረንሻል ባላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ለጎማው ኃይል የሚያደርሱት መገጣጠሚያዎች ከልክ በላይ ይታጠፋሉ፤ የጎማ ሽፋናቸው ተቀዶ አቧራና ጭቃ ይገባባቸዋል።

የቦል ጆይንት ነገር ከጎማ ወጪ በላይ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። ይህ ዕቃ በጎድጓዳ መቀመጫ ውስጥ የምትዞር የብረት ኳስ ሲሆን፣ ጎማው እንዲታጠፍም እንዲነሳና እንዲወርድም የሚያስችለው እሱ ነው። መቀመጫው ከሚገባው በላይ ሲሰፋ ኳሱ ተነቅሎ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ጎማው ከሥር ይታጠፍና መሪው አልታዘዝ ይላል። በከተማ ውስጥ ቢሆን መኪናው ባለበት ይቀመጥ ይሆናል። በቁልቁለት ላይ አምስት ባለሙያ አሳፍሮ ለሚወርድ መኪና ግን ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ከ7 መቶ ሺህ የሚበልጡ ፒክአፖችና የመስክ መኪኖችን ለእርማት የጠራው በፊት የታችኛው ቦል ጆይንት ምክንያት ነበር። ከተጠሩት መካከል ታኮማና ታንድራ የተባሉት ፒክአፖች ይገኙበታል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሥርዓት ግን ይጠይቃል። መኪናው ባዶውን፣ የጎማው ነፋስ ተስተካክሎ፣ ደልዳላ ወለል ላይ ይቆምና የግራና የቀኝ ቁመቱ ይለካል። ከኋላ ጭነት ካለ ፊቱ ወደ ላይ ስለሚነሳ ዓይን ይታለላል። ቀጥሎ ጎማው ከመሬት ሲነሳ ክሪኩ የሚገባበት ቦታ ወሳኝ ነው። ሞላው ወይም ቶርሽን ባሩ የሚጫነው የታችኛውን ክንድ ከሆነ ክሪኩ በዚያው ክንድ ሥር መግባት አለበት። በሻንሲው ሥር ከገባ ቦል ጆይንቱ እንደተወጠረ ስለሚቀር ያረጀውም ጤነኛ ይመስላል። ዘንጉ የላይኛውን ክንድ በሚጫንባቸው መኪኖች ላይ አሠራሩ ስለሚለይ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ያስፈልጋል።

ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ልቅነት ካለ ጥፋቱ የቦል ጆይንት ወይም የኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ይጠረጠራል። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚሰማው ልቅነት በአብዛኛው ወደ ቴስቲኒዎቹ ያመለክታል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ የሚፈረም የግዢ ጥያቄ ግን ግምት ከመሆን አያልፍም።

ጥገናው ሲጀመር ያረጁት ዕቃዎች በግራም በቀኝም ይቀየራሉ። ያለቀ ቦል ጆይንትን በብየዳ አጥብቦ መመለስ ለጊዜው ድምፁን ቢያጠፋም፣ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያበላሽ በምንም የዋጋ ምክንያት ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። አሮጌው የሚነቀለው በመንቀያ እንጂ ክንዱን በመዶሻ በመደብደብ አይደለም። ዳዶውን የምትቆልፈው ኮፒሊያም አዲስ መሆን አለባት፤ ዋጋዋ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ሳለ አሮጌዋ ተቃንታ ስትመለስ መታየቱ ያስገርማል።

ብዙ ጋራዦች የሚስቱት ግን የክንዶቹን ጎሚኒዎች አጠባበቅ ነው። ጎሚኒው በውጭና በውስጥ ብረት መካከል የተያዘ ጎማ ስለሆነ ክንዱ ሲንቀሳቀስ ይጠመዘዛል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ክንዱ ወደ ታች እንደተንጠለጠለ ቡሎኑ ከተጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲወርድ ጎሚኒው ገና ከግቢ ሳይወጣ ተጠምዝዞ ይቀራል። በጥቂት ወራት ውስጥም ይተረተራል። ስለዚህ ቡሎኖቹ መጀመሪያ ላላ ተደርገው ይያዙና መኪናው በጎማው ቆሞ ትክክለኛ ቁመቱን ከያዘ በኋላ መጨረሻው ጥብቀት ይሰጣቸዋል።

የሥራው ቅደም ተከተል ከዚህ ይመነጫል። ዕቃው ይቀየራል፣ ቁመቱ በአምራቹ ልክ ይስተካከላል፣ ጎሚኒዎቹ ይጠበቃሉ፣ በመጨረሻ የጎማ አላይመንት ይሠራል። አላይመንቱ ቀድሞ ቁመቱ በኋላ ከተነካ ለአላይመንት የተከፈለው ገንዘብ ባክኗል። የማስተካከያ ቡሎኑ እስከ መጨረሻው ተጠብቆም ቁመቱ ካልተመለሰ ቶርሽን ባሩ ራሱ አልቋልና በጥንድ መቀየር አለበት። ዘንጎቹ የግራና የቀኝ ምልክት ስላላቸው ማቀያየር አይቻልም።

ይህ ሁሉ ፈራሚው ኃላፊ መካኒክ ይሁን ለማለት አይደለም። ከጋራዡ የሚመጣው ሰነድ ከዕቃው ዋጋ ሌላ ከጥገና በፊትና በኋላ የተለካውን የግራና የቀኝ ቁመት እንዲሁም የአላይመንቱን የውጤት ወረቀት እንዲይዝ መጠየቅ ግን በሥልጣኑ ነው። የተነቀለው አሮጌ ዕቃ ለንብረት ክፍል ተመላሽ መሆኑም ሌላው ማረጋገጫ ነው። መኪናው ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ ማለፉ ለዚህ ምትክ አይሆንም፤ የመስክ መኪና በአንድ የክረምት ወቅት የሚደርስበት ጉዳት የሚቀጥለውን ምርመራ አይጠብቅም። አዲስ ቶርሽን ባር የተገጠመለት መኪና ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት የመስክ ጉዞዎች በኋላ በመጠኑ ስለሚረግብ፣ ቁመቱ ዳግም እንዲለካ በስምሪት መዝገቡ ላይ ቀን ሊያዝለት ይገባል።