ረጅሙም አጭሩም እኩል የሚቆጥሩት ጥላ

ስሙኝማ! አባቶቻችን የእጅ ሰዓት ሳይኖራቸው የጾም መፍቻ መድረሱን እንዴት ያውቁ ነበር? የገዛ ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ! ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ የጥላቸው ጫፍ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ ከዚያ ተረከዝን ከጣት እያገጣጠሙ ይቆጥራሉ። የሚገርመው ረጅሙም አጭሩም ሰው የሚያገኙት ቁጥር ከሞላ ጎደል ያው መሆኑ ነው። የረጅሙ ጥላ አይረዝምም እንዴ?

ይረዝማል፤ ግን እግሩም ይረዝማል! ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው የእግሩ ርዝመት 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አካፍሉት፤ ስድስት ተኩል። 130 ሳንቲ ሜትር የሆነው ልጅ ደግሞ እግሩ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አካፍሉት፤ አሁንም ስድስት ተኩል! ቁጥሮቹ ተለወጡ፣ ድርሻው ግን ንቅንቅ አላለም። ትምህርት ቤት «ርቱዕ ወደረኝነት» ሲሉን የነበረው ይኸው ነው።

አሁን ይህንኑ በዱላ እንሞክረው፤ መርሳ ከተማ ላይ ረፋዱን አንድ ሜትር ዱላ አቁሙ። ጥላው 60 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ወዲያው፣ ፀሐይዋ ብዙ ሳትሄድ፣ የመብራት ምሰሶውን ጥላ ለኩ፤ 4.8 ሜትር። 4.8ን ለ0.6 ስታካፍሉ 8 ይመጣል። ምሰሶው 8 ሜትር ነው፣ መሰላል እንኳ ሳትነኩ! ፀሐይ በጣም ሩቅ ስለሆነች ጨረሯ ዱላውንም ምሰሶውንም በአንድ ዓይነት ዘንበልታ ነው የሚያገኛቸው። እዚያው አቅራቢያ ወልድያ ያለ ጓደኛችሁም በዚያው ደቂቃ ቢለካ ከሞላ ጎደል ያንኑ 0.6 ያገኛል።

አደራ፣ አብሮ ያደገ ሁሉ ወደረኛ አይደለም። አባት 40፣ ልጅ 10 ዓመት ቢሆናቸው አባት የልጁን አራት እጥፍ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ 50 እና 20 ይሆናሉ፤ እጥፉ ወደ ሁለት ተኩል ወረደ። እዚህ የማይለወጠው ልዩነቱ ነው፣ 30 ዓመቱ። ስለዚህ ከመደምደማችሁ በፊት ሁሌም አካፍላችሁ እዩ።

ደግሞ አንድ ጉድ ልጨምርላችሁ! መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ከሃያ ገደማ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። የዱላውም የምሰሶውም ጥላ ዜሮ! በዜሮ ደግሞ ማካፈል አይቻልም፤ ለመለካት ከወጣችሁ አንድ ሰዓት ያህል ታገሡ።