ጥርት ላለ አሳብ የሚያስፈልጉ የዕለት ልማዶች

ስለ ንጽሕና በተነገረ ቊጥር ብዙ ሰው አሳቡን የሚወስደው ወደ ገላ፣ ወደ ልብስና ወደ ግቢ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን አእምሮም እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል ጥበቃ የሚሻ ስለ ሆነ፣ ሰው አሳቡን አጥርቶ ለመያዝና ኑሮውን በመጠን ለመምራት የሚረዱትን የዕለት ልማዶች በዚህ ወር ልንገልጽ ወደናል። ነገሩ በተለይ መምህራንን ይመለከታል፤ በክፍል ውስጥ ፈዝዞ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለምና። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይባላል፤ ልብም እንዳያይ የሚከለክለው ብዙ ጊዜ የሰውነት ሁኔታ ነው።

አንጐል የሚመዝነው ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት ዐርፎ በተቀመጠበት ጊዜ ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን 20 በመቶ የሚያህለውን ይወስዳል። ስለዚህ አየር፣ ምግብ ወይም ዕንቅልፍ ሲጐድል ጉዳቱ ፈጥኖ በአሳብ ላይ ይታያል። ነገር መርሳት፣ በትንሹ መቈጣት፣ አንዱን መስመር ደጋግሞ አንብቦ አለመረዳት ከምልክቶቹ ጥቂቶቹ ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ዕንቅልፍ እንናገር። ሙሉ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። በቀን የተማርነው ነገር በዕንቅልፍ ጊዜ በአእምሯችን ውስጥ እየጸና ይሄዳል። እንግዲህ ፈተና ደረሰ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና የሚያድር ተማሪ በአንድ እጁ የሰበሰበውን በሌላው እጁ ይበትነዋል።

ከዕንቅልፍ ጋር የቡና ነገር ይነሣል። ነቅተን በቈየን መጠን በአንጐላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተከማቸ የዕንቅልፍ ስሜት ያመጣብናል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን ቦታ ይዞ ሥራውን ያግዳል እንጂ ድካሙን ራሱን አያስወግደውም። የካፌይን እኩሌታ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከተጠጣው ቡና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና በሰውነት ውስጥ አለ ማለት ነው። ከጎረቤት ጋር ተሰብስቦ ቡና መጠጣት ጭንቀትን የሚያቀል መልካም ልማድ ነውና ይቅር አንልም፤ የምሽቱ ጀበና ወደ ጧት ቢዛወር ግን ጨዋታውም ዕንቅልፉም አይጐድልም። ጫትም እንዲሁ ለጊዜው የሚያነቃ ቢመስልም፣ በኋላ ዕንቅልፍ ይነሣል፤ ስሜትንም ያጨፈግጋል።

ሁለተኛው የአየር ነገር ነው። በብርድ ወራት ብዙ መምህራን በርና መስኮት ዘግተው፣ የከሰል ማንደጃ አጠገባቸው አድርገው የተማሪ ደብተር ሲያርሙ ያመሻሉ። ከከሰል ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቀውም ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የአሳብ መደናገር ያስከትላል፤ ሲበረታም ይገድላል። ከሁሉ የሚከፋው «ተነሥተህ ውጣ» ብሎ የሚያስጠነቅቀውን አእምሮ ራሱን ማደንዘዙ ነው። ጭሱ ስለ ጠፋ ፍሙም ስለ ቀላ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም። ስለዚህ ማንደጃ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይቀመጥ፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ማንደጃ ባለበት ቤት ማንም አይተኛ። በዚህ የተያዘ ሰው ሲገኝ በሩን ከፍቶ ቶሎ ወደ ደጅ ማውጣትና ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ምግብ ነው። ቊርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ጆሮው ወደ መምህሩ ቢሆንም አሳቡ ወደ ሆዱ ነው። ከዚህ ሌላ የአዮዲን እጥረት እንቅርት ከማምጣቱም በላይ፣ በእርግዝና ጊዜ ሲደርስ በማኅፀን ያለውን ልጅ አንጐል ይጐዳል። በአገራችን ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በደንብ ተወስኗል። አዮዲኑ በፀሐይ፣ በእርጥበትና በብዙ ሙቀት ስለሚቀንስ፣ ጨውን በክዳን ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ይገባል። ቡናና ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ ከማዕድ አንድ ሰዓት ያህል ቈይቶ መጠጣት ይሻላል።

አራተኛው የአጠናን ሥርዐት ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በራሱ ላይ መርምሮ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ባሳተመው ሥራ፣ አዲስ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች እጅግ ፈጥኖ እንደሚረሳ፣ በተለያዩ ቀኖች ከፋፍሎ የደጋገመ ሰው ግን በአንድ ቀን ካጨናነቀው ይልቅ እንደሚይዝ አሳይቷል። መጽሐፉን ዘግቶ ያነበቡትን በቃል መድገምም ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ትምህርቱን ያጸናል። ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የቆሎ ተማሪ ቀን የተቀበለውን ቀለም ማታ የሚቀጽለው ለዚሁ ነው። በጥናት ሰዓት ግን የእጅ ስልክ በሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ በየደቂቃው የሚጠራ አሳብ ከተጠራበት ሲመለስ ጥቂት ጊዜ ይባክናልና።

አምስተኛው እንቅስቃሴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፣ ሙሉ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ሊያደርግ ይገባዋል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። በቊጣ ጊዜ የታሰበውን ውሳኔ እስኪነጋ ማሳደርም ከዚህ ጋር የሚሄድ ልማድ ነው፤ ማታ ተራራ መስሎ የታየው ነገር ጧት ብዙ ጊዜ ጉብታ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ መምህር ሆይ፣ ልጁን ከመገሠጽህ በፊት ጠጋ ብለህ ጠይቀው፤ ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ? ዛሬ ምን በላህ? የምትተኛበት ቤት ከሰል ያድርበታልን? ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ይታይሃልን? የምናገረውስ ይሰማሃልን? ልጁ በምላሹ ችግሩን ከገለጸ፣ ከቅጣት ይልቅ ወላጆቹን ማማከርና ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይጠቅመዋል። ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይለቅ የቈየ ኀዘን፣ ዕንቅልፍ ማጣት ወይም ሥራን መጥላት በልማድ ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለምና፣ ልጅም ሆነ ዐዋቂ ያለ ኀፍረት ሐኪም ዘንድ ይቅረብ።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ልጀምር የሚል ሰው በሳምንቱ ሁሉንም ይተዋቸዋል። ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ለአንድ ወር ያጽና፤ ሲለምደው ሁለተኛውን ይጨምርበት። የከሰሉን ነገር ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ እንዲጠነቀቁበት አንባቢዎቻችንን አጥብቀን እናሳስባለን።