ወረቀቱ ከሙያው አይቅደም
ለጎልማሶች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር



የዛሬው ንግግራችን ስለ ሥራ ነው። ዕድሜው ከገፋ በኋላ የኮምፒውተር ሙያ መጀመር ስለሚፈልግ ሰው እንነጋገራለን።

እናንተ ፊደል በጎልማሳነት የቆጠራችሁ ሰዎች ናችሁ። ስለዚህ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አዛውንቶች ጭምር ሰሌዳ ፊት ተቀምጠዋል። «ከእንግዲህ ወዲያ ምን እማራለሁ?» ማለት ያን ጊዜም አልበጀም፤ ዛሬም አይበጅም።

ነገር ግን አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። ይኸውም የምስክር ወረቀቱ ከሙያው መቅደም የለበትም። ለምን? ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ለትምህርት የሚያወጣው ገንዘብ ከልጆቹ ጉርሻ የተቀነሰ ነው። ያ ገንዘብ ሙያ ሳያስጨብጥ ወረቀት ብቻ ከገዛ፣ ጉዳቱ ለቤቱ ሁሉ ይተርፋል።

እስቲ መጀመሪያ ሥራውን እንወቀው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየባንኩ፣ በየሆስፒታሉ ኮምፒውተር አለ። ይበላሻል፤ ይቆማል፤ እምቢ ይላል። እንዲህ ሲሆን የሚጠራው ሰው የአይቲ ባለሙያ ይባላል። የጀማሪ ሥራው ይኸው ነው፤ የተቸገረን ሰው መስማት፣ ችግሩን መፈለግና መጠገን።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ስልክ ደውለው፣ «ማተሚያው እምቢ አለኝ» ይላሉ። ባለሙያው ሮጦ ማተሚያውን አይፈታም። አስቀድሞ ይጠይቃል።

«ትናንት ያትምልዎት ነበር?»

«አዎን፣ ትናንትማ ደህና ነበር።»

«ከዚያ ወዲህ የተነካ ወይም የተዛወረ ነገር አለ?»

«ጠዋት ቤቱ ሲጸዳ ጠረጴዛው ተነሥቶ ነበር።»

አያችሁ? ጥያቄው ግማሹን መንገድ አደረሰው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በስድስት ደረጃ ይሄዳል።

አንደኛ፣ ችግሩን በጥያቄ መለየት ነው። ይህንን አሁን አየን። ሁለተኛ፣ ምክንያቱን መገመት ነው፤ «ገመዱ ወልቆ ይሆናል» ይላል። ሦስተኛ፣ ግምቱን መፈተን ነው፤ ሄዶ ገመዱን ያያል። አራተኛ፣ የሚያደርገውን አስቦ መጠገን ነው፤ ገመዱን መልሶ ይሰካል። አምስተኛ፣ መሥራቱን ማረጋገጥ ነው፤ ሠራተኛዋ ራሳቸው አንድ ገጽ ያትማሉ። ስድስተኛ፣ የሆነውን ሁሉ በመዝገብ መጻፍ ነው።

ስድስተኛውን ልብ በሉ። መጻፍ ነው! ነገ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ ከመዝገቡ አንብቦ ይረዳል። ማንበብና መጻፍ የዚህ ሙያ የመጀመሪያው መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ ምስክር ወረቀቱ እንምጣ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ «ኤ ፕላስ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ኤ ፕላስ በአሜሪካ አገር ለጀማሪ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኞች የሚሰጥ የታወቀ ፈተና ነው። ኮምፕቲያ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ጀመረው። ለፈተናው የዕድሜ ጣሪያ የለውም። የ50 ዓመት ሰውም መቀመጥ ይችላል። የትምህርት ቤት ወረቀት አምጣ ብሎም አይጠይቅም።

ፈተናው ሁለት ክፍል ነው። እያንዳንዱ ክፍል እስከ 90 ጥያቄ አለው፤ ጊዜው 90 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ዕቃው ይጠይቃል፤ ስለ ኮምፒውተሩ አካላት፣ ስለ ስልክና ስለ ኔትወርክ። ሁለተኛው ክፍል በኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሚሠራው ፕሮግራም፣ ስለ ደኅንነትና ስለ ሥራ ሥነ ሥርዓት ይጠይቃል። ሁለቱንም ያለፈ ሰው ምስክር ወረቀቱን ያገኛል። ወረቀቱ ለ3 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያ መታደስ አለበት።

ታዲያ ዋጋውስ? በአሜሪካ ለአንዱ ክፍል ብቻ ከ200 ዶላር በላይ ይከፈላል። ሁለት ክፍል ነው ብለናል። ስለዚህ ሳይዘጋጁ መግባት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ደግሞም ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም። እንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

እዚህ ላይ ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሁለተኛው ክፍል ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ከሰው ጋር እንዴት መነጋገር እንደሚገባ ነው። ባለጉዳዩን ሳያቋርጡ መስማት፣ በማይገባው ቃል አለማደናገር፣ በቀጠሮ ሰዓት መድረስ፣ አለመቆጣት። ይህን ሱቅ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል። ታክሲ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ልጆች ያሳደገች እናት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ጎልማሳ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም ማለት ነው። ወጣቱ በጣቱ ፈጣን ቢሆን፣ ጎልማሳው በትዕግሥቱ ይበልጣል።

ሙያው ግን በትዕግሥት ብቻ አይገኝም፤ በእጅ መለመድ አለበት። እንዴት ይለመዳል? አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፈልጉ፤ የማይሠራም ቢሆን ግድ የለም። ከኤሌክትሪክ ንቀሉት። ክዳኑን ክፈቱ። እያንዳንዱን አካል ከመንቀላችሁ በፊት የነበረበትን ቦታ በደብተር ሣሉ። አውጡት፤ ስሙን ጻፉ፤ መልሳችሁ ግጠሙት። ይህን አሥር ጊዜ ያደረገ ሰው፣ መጽሐፍ ብቻ ካነበበው ይልቅ ያውቃል።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ የሚቀበለውን ሣጥን አትክፈቱ፤ እርሱም ፓወር ሰፕላይ ይባላል። ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛ፣ የውስጡን ዕቃ ከመያዛችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ያልተቀባ ብረት ንኩ። በሰውነታችን ላይ የሚጠራቀም ጥቂት ኤሌክትሪክ አለ። እኛ ሳይሰማን ዕቃውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በነጻ የሚሰጡ ትምህርቶችንም ፈልጉ። ሲስኮ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 የኔትወርክ አካዳሚ ጀመረ፤ በኢንተርኔት ለጀማሪዎች ያለ ክፍያ የሚሰጣቸው ትምህርቶች አሉት። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2018 ኮርሴራ በሚባል የኢንተርኔት ትምህርት ቤት ለጀማሪ የአይቲ ሠራተኛ የሚሆን ትምህርት ከፍቷል፤ ይህኛው ክፍያ አለው። በአገራችንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀምሯል። ይህ ግን ፕሮግራም መጻፍንና የመሳሰለውን የሚያስተምር ነው። ከጥገና ሥራ ይለያል። የምትፈልጉትን ለይታችሁ ግቡ።

ደግሞ በአገራችን የብቃት ምዘና አለ። ብዙ ሰው «ሲኦሲ» ይለዋል። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ይመዘናል። ሙያውን በሥራ ላይ የለመደ ሰውም መመዘን እንዲችል የታሰበ ነው። ስለዚህ በአንድ የጥገና ሱቅ ውስጥ ዓመታት የሠራ ሰው፣ «እኔ ክፍል ገብቼ አልተማርኩም» ብሎ ተስፋ አይቁረጥ። በአካባቢው ወዳለው የቴክኒክና ሙያ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው ልመለስ። «የፈተናውን መልስ እንሸጥልሃለን፤ በሳምንት ታልፋለህ» የሚሉ ሰዎች አሉ። አትስሟቸው! የተሰረቀ ጥያቄ የገዛ ሰው ቢታወቅበት ወረቀቱ ይሰረዝበታል፤ ከፈተናም ይታገዳል። ደግሞ ፈተናው ምርጫ ማክበብ ብቻ አይደለም። በፈተናው ላይ ሥራ ተሰጥቶ «ይህን አስተካክል» የሚልም አለበት። ይህንንስ ተሻግሮ ቢያልፍ፣ በሥራው የመጀመሪያ ቀን ማተሚያው እምቢ ሲል ምን ሊያደርግ ነው? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለም?

እውነቱን ለመናገር፣ በደንብ ተምሮ ያለፈም ሰው ወዲያው ሥራ ያገኛል ማለት አይደለም። ወረቀቱ በር ያንኳኳል፤ በሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው፣ «ምን ሠርተህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ በደብተር የተመዘገበው ሥራ ይናገራል። የጎረቤትን ኮምፒውተር የጠገነ፣ የቀበሌውን ወይም የሃይማኖት ቤቱን ማተሚያ ያስተካከለ፣ ይህንንም ጽፎ ያስቀመጠ ሰው መልስ አለው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልድገመው። መጀመሪያ ማንበብና መጻፍን አጥብቁ። ቀጥሎ በኮምፒውተር ፊደል መምታትንና የሙያውን የእንግሊዝኛ ቃላት ተማሩ፤ በቀን አምስት ቃል ይበቃል። ከዚያ አሮጌ ዕቃ እየፈታችሁ እጃችሁን አለማምዱ። ከዚያ በነጻው ትምህርት ዕውቀታችሁን መዝኑ። የፈተና ገንዘብ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ያላችሁበትንም ሥራ በአንድ ጊዜ አትተዉ፤ ማታ ማታ እየተማሩ ቀን መሥራት ቤት አያፈርስም። መንገዱ አንድ ዓመት ይፈጅ ይሆናል፤ ሁለትም ሊሆን ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ጥያቄዎች በየቡድናችሁ አንብቡና ተወያዩባቸው።

1. ባለሙያው ማተሚያውን ከመንካቱ በፊት ለምን ጠየቀ?
2. ጎልማሳ ሰው ለዚህ ሥራ ይዞት የሚመጣው ምንድን ነው?
3. የፈተና መልስ የገዛ ሰው ምን ያጣል?
4. በአካባቢያችሁ አሮጌ ኮምፒውተር የት ይገኛል? ማንስ ሊያስተምራችሁ ይችላል?