ጥቁር አዝሙድና የጉበት ጥበቃ

ጉንፋን ለያዘው ልጅ እናቱ ጥቁር አዝሙድ በንጹሕ ነጠላ ጫፍ ቋጥራ፣ በመዳፏ አሽታ ከአፍንጫው ሥር ስትይዝለት፣ ዓይን እስኪያስለቅስ ድረስ ሽቅብ የሚወጣው ያ ብርቱ መዓዛ ከምን እንደ ሆነ የኬሚስትሪ ሊቃውንት መርምረው፣ ታይሞኪኖን የተባለውን ንጥር ከግብፅ ጥቁር አዝሙድ ዘይት ለይተው ያስታወቁት በ1963 ዓ.ም. እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው። የፍሬው ዝና ግን ጥንታዊ ነው፤ ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪዶስ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ራስ ምታትና ስለ ጉንፋን መድኀኒትነቱ ጽፎለታል።

ስሙ አዝሙድ ይባል እንጂ ከነጭ አዝሙድና ከድንብላል ወገን አይደለም። ቅጠሉ እንደ እንስላል የቀጠነ፣ አበባው ሰማያዊ የነካው ነጭ ሲሆን፣ ጥቁሩ ፍሬ በጥርስ ሲሰበር ውስጡ ነጭና ቅባታም ሆኖ ይገኛል።

ጠባቂነቱ ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የታየው በጉበት ነው። አይጦች ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተባለ መርዝ ሲሰጣቸው፣ መርዙን ሊያስወግድ የተዘጋጀው ጉበት ራሱ ወደ ባሰ ጠበኛ ቅንጣት ይለውጠዋል፤ ቅንጣቱም የሕዋሳቱን ቅባታም ግድግዳ ይነድለዋል፤ ግድግዳው በተነደለ ጊዜ በውስጥ ተሰውረው የነበሩት ኢንዛይሞች ወደ ደም ስለሚፈሱ፣ መርማሪው ከደሙ ለክቶ የጥፋቱን መጠን ያውቃል። አስቀድሞ ታይሞኪኖን በተሰጣቸው አይጦች ግን የፈሰሰው ኢንዛይም አንሶ፣ የሞተውም የጉበት ሥጋ ቀንሶ ተገኘ። ጄንታማይሲን የተባለው መድኀኒት በአይጦች ኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም በዚሁ ንጥር ቀልሎ ታይቷል። ስለ ብግነትም እንደ ሆነ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት መቆጣትን የሚያባብሱትን ንጥረ ነገሮች እንዳያበዙ ዘይቱ እንደሚገታ በዚሁ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1995 በታተመ ጥናት ተገልጧል።

ይህን ሁሉ በደስታ የምጽፈው እናቶቻችን የጠበቁት ዕውቀት ምርመራ የሚገባው መሆኑን ስለማምን ነው፤ ነገር ግን ጉበቱ የታመመ ወገኔ የሐኪሙን መድኀኒት ጥሎ ዘይቱን በማንኪያ እንዲጠጣ ከቶ አልመክርም። በብዙዎቹ ፈተናዎች ንጥሩ ለአይጦቹ የተሰጠው መርዙ ከመግባቱ አስቀድሞ ነው፤ ከሐኪም ደጅ የሚቆመው በሽተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ነው።