የጥንት አህጉራት ሥር

አልማዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ከ150 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ነው። የሰው ልጅ የቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ፣ ሩሲያ ኮላ ላይ ያለው፣ 12 ኪሎ ሜትርን ጥቂት ቢያልፍ ነው። የደቡብ አፍሪካዋን የኪምበርሊ ከተማ አልማዝ ወደ ላይ ያወጣው ጥንት የፈነዳ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ የጥልቁን ዓለት ስብርባሪም አብሮ ይዞ ወጥቷል። ስብርባሪው ዓለቱ ከምን እንደተሠራ ይናገራል። ስፋቱንና ቅርጹን ለማወቅ ግን የርዕደ መሬት ሞገድ ያስፈልጋል።

ኪምበርሊ ያለችበት ካፕቫል ክራቶን ነው፤ ማለትም ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት ወዲህ ብዙም ያልተናጋ የአህጉር እምብርት። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1999 በደቡብ አፍሪካ፣ በዚምባብዌና በቦትስዋና 80 ያህል ቦታዎች ላይ ሴይስሞሜትሮች (የርዕደ መሬት መለኪያዎች) ተተከሉ። መሣሪያዎቹ የሚጠብቁት የአካባቢውን ሳይሆን በሩቅ አህጉር የሚነሳውን ርዕደ መሬት ነበር። የሩቁ ሞገድ ከታች ወደ ላይ ሲመጣ በቀዝቃዛ ዓለት ውስጥ ይፈጥናል፣ በሞቃት ውስጥ ይዘገያል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም። በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ልዩነቶች ሲጣመሩ ግን እንደ ሆስፒታል ሲቲ ስካን ምስል ይሰጣሉ።

ምስሉ እንከን አለበት። ሞገዱ ወደ ቀጥ ያለ አቅጣጫ ተጠግቶ ስለሚመጣ፣ ሞገዱ የሚፈጥንበት ዓለት ከእውነተኛው በላይ ወደ ታች ተስቦ ይታያል። በምድር ገጽ አጠገብ የሚጓዙት ሞገዶች ጥልቀትን በተሻለ ይለያሉ፤ ወደ ጎን ግን ያደበዝዛሉ። ሦስተኛው ስልት ፒ የተባለው ቀዳሚ ሞገድ የዓለት ድንበር ሲያቋርጥ ከፊሉ ኤስ ወደተባለው ዘግይቶ ደራሽ ሞገድ መለወጡን ይከታተላል። የቅርፊተ ምድርን ወለል፣ ክሮኤሺያዊው አንድሪያ ሞሆሮቪቺች በ1909 ከደረሰ ርዕደ መሬት ያገኘውን ድንበር፣ በዚህ መለካት ይቻላል። ኋላ ባልተናጋው የካፕቫል ክፍል ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ በታች ሞገድ የሚፈጥንበት የክራቶኑ ሥር ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ብዙዎች ይስማማሉ። 300 ይደርሳል የሚሉም አሉ፤ ከላይ ያልኩትን የምስሉን ወደ ታች መሳብ ሳስብ እነዚህን ማመን ይከብደኛል።

ትልቁ እንቆቅልሽ ሌላ ነው። ቀዝቃዛ ዓለት ከባድ ነውና ሥሩ ቢሊዮን ዓመታት ሳይሰጥም እንዴት ቆየ? አሜሪካዊው ቶማስ ጆርዳን በ1970ዎቹ መልስ አቀረበ፦ ዓለቱ በጥንት ዘመን ቀልጦ ብረቱን ስለተነጠቀ በተፈጥሮው ቀላል ነው፤ ቅለቱ የቅዝቃዜውን ክብደት ያካክሳል። የኪምበርሊ ስብርባሪዎችም በብረት ደሃ ሆነው ተገኙ። ሞገዱ ብቻውን ይህን ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ፍጥነት ከቅዝቃዜም ከኬሚካዊ ይዘትም ሊመጣ ይችላልና። በዚያው ክራቶን ውስጥ በቡሽቬልድ አካባቢ ሥር ያለው፣ ሞገድ የሚዘገይበት ዓለት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ2 ቢሊዮን ዓመት በፊት የወጣው ማግማ የዓለቱን ይዘት ስለለወጠው እንጂ እስካሁን ሞቃት ስለሆነ አይደለም የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ይመስለኛል።

ሥር ሁሉ ጸንቶ አይቀርም። በምሥራቅ ቻይና አልማዝ የያዙ ጥንታዊ ዓለቶች ወፍራም ሥር እንደነበረ ይመሰክራሉ፤ ዛሬ ሞገዶቹ የሚያሳዩት ውፍረቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ ንጣፍ ነው።

ወደ እኛ ስንጠጋ የታንዛኒያ ክራቶን አለ። በ1994 እና 1995 የተደረገው ልኬት ቀዝቃዛ ሥሩን በሁለት የስምጥ ሸለቆ ክንፎች መካከል አገኘው፤ ስምጡ ጠንካራውን ዓለት መሰንጠቅ አቅቶት ዞሮታል። ከኢትዮጵያ በታች ደግሞ ሞገዶቹ በዓለም እጅግ ከሚዘገዩባቸው ቦታዎች አንዱ አለ። በደቡባዊ አፍሪካ ሥር፣ 2,900 ኪሎ ሜትር ላይ ካለው የምድር እምብርት ድንበር የሚነሳ፣ ሞገድ የሚዘገይበት ሌላ ግዙፍ ዓለትም ይታያል። ሁለቱ በሰያፍ የተያያዙ አንድ አካል ናቸው ወይስ የተለያዩ? ክርክሩ አልተዘጋም፤ በመካከላቸው በተዘረጋው የኮንጎ ክራቶን ላይ የተተከሉት ሴይስሞሜትሮች እጅግ ጥቂት ናቸው።