እስር የመጀመሪያው መልስ ሲሆን

አመሻሽ ላይ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሳሪስ አቦ እስከ ጀሞ፣ መንገድ ዳር ላስቲክ ተነጥፎ ካልሲ፣ ሽንኩርትና የስልክ ቻርጀር ይቸረቸራል። «ደንብ መጣ!» ሲባል ሻጩ የላስቲኩን አራት ጫፍ ሰብስቦ ይሮጣል። ከጀርባው ያለው ባለሱቅ ደግሞ ያለ ደረሰኝ ሲሸጥ እንዳይያዝ ይሰጋል። ጎረቤቱ ነጋዴ በዱቤ ላነሳው ዕቃ በዋስትና የሰጠው ቼክ ቀኑ እየቀረበ ያስጨንቀዋል። ሦስቱም አልገደሉም፣ አልዘረፉም። ሆኖም የመጀመሪያው ከደንብ አስከባሪ፣ ሁለቱ ደግሞ ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ጋር ሊፋጠጡ ይችላሉ። መንግሥት ገበያን ለማስተካከል፣ ግብር ለመሰብሰብም ሆነ ዕዳ ለማስከፈል ቀድሞ የሚያነሳው ቅጣትን መሆኑ ፍትሕን አላበረታም፤ እንዲያውም የወንጀል ሕግን ክብደት አሳጥቶታል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ 865 አንቀጾች አሉት። ከእሱ ውጭ ስለ ታክስ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ባንክ የሚወጡ አዋጆችም መጨረሻቸው ላይ የራሳቸውን የቅጣት አንቀጽ ይጨምራሉ። እነዚህ ቅጣቶች በተለያየ ጊዜና በተለያየ መሥሪያ ቤት ስለሚረቀቁ እርስ በርሳቸው አይመዛዘኑም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እያለበት ያለ ደረሰኝ በሸጠ ሰው ላይ የደነገገው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ከገንዘብ መቀጮ ጋር ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ግን በቸልተኝነት ሰው ለገደለ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ይበቃል ይላል። የታክስ ጥቅም ትልቅ ነው፤ ያልተቆረጠ ደረሰኝ ግን ከጠፋ ሕይወት በላይ ሊመዝን አይገባም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 ደግሞ «አደገኛ ቦዘኔ» ተብሎ የተጠረጠረን ሰው ዋስትና ይከለክላል። የሚታይ መተዳደሪያ የሌለው መሆኑ ከወንጀሉ መለያዎች አንዱ ስለሆነ፣ ሥራ አጥነት ራሱ ለጥርጣሬ በር ይከፍታል።

«ሕዝቡ ካልፈራ አይታዘዝም» የሚሉ አሉ። ፍርሃት ጨርሶ አይሠራም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የወንጀል ጥናት ደጋግሞ የሚያሳየው ሰውን ይበልጥ የሚገታው የመያዝ እርግጠኝነት እንጂ የቅጣቱ ክብደት አለመሆኑን ነው። ቅጣቱ ከጥፋቱ ሲገዝፍ ደግሞ ለድብቅ ድርድር ቦታ ይፈጠራል፤ ሦስት ዓመት እስር የተደቀነበት ባለሱቅ ለተቆጣጣሪው ጉቦ ለመስጠት ይፈተናል። ሁሉንም መክሰስ ስለማይቻል ማን እንደሚከሰስ የሚወስነው የባለሥልጣኑ ምርጫ ይሆናል፤ ሕጉም ለዜጋው ዕጣ እየመሰለ ይሄዳል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የቼኩ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 በባንክ በቂ ስንቅ (ገንዘብ) ሳይኖረው ሆን ብሎ ቼክ የሰጠን ሰው እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርሰው ይችላል። አበዳሪዎች ይህ ባይኖር ገንዘባችን ቀልጦ ይቀራል ይላሉ፤ የፍትሐ ብሔር ክርክር ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል ስጋታቸው እውነት ነው። ነገር ግን የታሰረ ነጋዴ ሠርቶ አይከፍልም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 284 ጀምሮ፣ ተከሳሹ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መከላከያ የማያቀርብበትን አጭር ሥነ ሥርዓት ለእንዲህ ያለ ዕዳ አስቀምጧል። ይህን መንገድ በእውነት አጭር ማድረግ ለአበዳሪው ከእስር ቤቱ ይልቅ ይጠቅመዋል። እስሩ ለማጭበርበር ብሎ ቼክ ለጻፈው ይቆይ፤ ንግዱ ለተበላሸበት አይሁን።

ማሻሻል እንደሚቻል አገራችን ራሷ አሳይታለች። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ በፍትሐ ብሔር እንዲዳኝ አድርጓል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በሰጠው አማካሪ አስተያየት የቦዘኔነት ሕጎች ኢትዮጵያ ከተቀበለችው የአፍሪካ ቻርተር ጋር እንደሚቃረኑ ገልጿል፤ አዋጅ 384ን እንደገና ለመመርመር ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልግም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 103ም ለቀላል ጥፋት ከእስር ይልቅ የግዴታ ሥራ እንዲታዘዝ ይፈቅዳል።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ ሲቀርብለት የቅጣት አንቀጹን ለብቻው ይመርምረው፤ ጉዳቱ ምንድን ነው፣ በአስተዳደራዊ መቀጮ፣ በፈቃድ እገዳ ወይም በካሳ ሊታረም አይችልም ወይ ብሎ ይጠይቅ። መቀጮው ድሃውን እንዳያደቅ ከገቢው ጋር ይመጣጠን፤ ለመንገድ ዳር ሻጩም ከማባረር በፊት መሸጫ ቦታ ይዘጋጅለት። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ጊዜያቸውን ለነፍሰ ገዳዩ፣ ለደፋሪውና ለዘራፊው ሊያውሉ የሚችሉት ደረሰኝና ዕዳ ከትከሻቸው ሲወርድላቸው ነው።